የሚለካ ግሥ

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣
ገመድ ይወጠራል ሰው እንዳያነሣ፤
እኔም ገመድ አለኝ፣ ማታ የምገምደው፣
ነርስ የሚሆን ሁሉ ጨብጦ የሚሄደው፤
«የትምህርት ዓላማ» ይሉታል በወጉ፣
አንድ ግሥ፣ አንድ ሰዓት፣ ልክ ከነማዕረጉ።

«ታውቃለች» ስል ጊዜ ብራውሊዮ ሰረዘ፣
«ትረዳለች» ስለው ጭራሹን ተከዘ፤
«ልብ ውስጥ የሚቀር ግሥ ማርክ አይሰጥበትም፤
‹ትለካለች› በዪ፤ ይግባኝ የለበትም።»

እውነት አለው እሱም። እኔ ተማሪ ሳለሁ፣
ፈታኙ ፊት አይቶ ሲጥል አይቻለሁ፤
በደሴት ዘዬዋ ወደቀች ኤዱቪና፣
መርፌ ሳትጨብጥ፣ በአፍ ብቻ ፈተና።
ስለዚህ ዝርዝሩን፣ ሣጥኑን፣ ምልክቱን፣
አልንቅም። አውቃለሁ ያዳነውን ስንቱን።

ኅዳር። የተግባር ፈተና። ስምንት ክፍል፣ ስምንት በር፣
በየሰባት ደቂቃው ደወል የሚያባርር።
አራተኛው አልጋ ላይ፣
ኤሌውቴሪዮ ማንሲያ፣ በግ ሸልቶ ያደረ፣
ዛሬ ለመታመም በሰዓት የተቀጠረ፤
ቀኝ ጎኑን እንዲያመው በጽሑፍ ታዟል፤
ሁለቴ እንዲያቃስት ሰዓቱ ተይዟል።

ዮሴሊን ካርካሞ ገባች።
እጇን ታጠበች፦ አንድ ነጥብ።
ስሟን ተናገረች፦ አንድ። ስሙን ጠየቀች፦ አንድ ነጥብ።
ከዚያ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ፣ ቆመች።
ሆዱን አይደለም። ቁርጭምጭሚቱን ነው ያየች፤
ካልሲው የቆረጠውን፣ ክር የመሰለ ቀለበት፤
ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን አለችበት።

ጣቷን አነሣች። ጉድጓዱ አልሞላም።
እኔም ከወንበሬ ቆጠርኩ፤ አሥር፣ ሃያ፣ አልሞላም።

«ይኼስ ከመቼ ነው?» አለችው።
ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፣ ቃሉ እንደጠፋው ተዋናይ፤
ይህ ጥያቄ አልነበረም በሰጠነው ወረቀት ላይ።
«ከክረምቱ ወዲህ» አለ፣ አሁን በራሱ ድምፅ፤ «ተጋድሜ አልተኛም፤
ወንበር ላይ ነው የማድረው። ለማንም አልነገርኩም።»

ደወሉ ጮኸ።
ሆዱ አልተዳሰሰም፤ ባዶ ሣጥን።
ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ አልተጠየቀም፤ ባዶ ሣጥን።
ከበሩ ላይ ተመልሳ፣ «መምህርት፣ እባክዎ፣
ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» አለችኝ።
ስለ ውጤቷ ግን ምንም ሳትጠይቀኝ
ወደ አምስተኛው በር ሮጠች።

ማታ ሆስፒታሉ አስተኛው። ልቡ ነበር።
የኔ እርሳስ ግን፣ እርሳስ ነውና፣ አሥራ አንድ ከሃያ አለ፤
ማለፊያው አሥራ ሁለት።

ብራውሊዮ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አየ።
«አንድ ጨምሪላት» አላለኝም፣ ዝም ብሎ ቆየ።
እኔም አልጨመርኩም።
እጄ እስከ ሣጥኑ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ኤዱቪና መለሰችው።
ፊት አይቶ የሚጥል እጅ፣ ፊት አይቶም ያሳልፋል።
ዮሴሊን ታኅሣሥ ላይ ትደግማለች። ነገርኳት።
«እሺ» አለች፤ ከዚያም፣ «ሰውየው እንዴት ነው?»

ጥፋቱ ከገመዱ ነው፤ የገመድኩትም እኔ ነኝ።
ሌሊቱን አራተኛውን ዓላማ እንደገና ከፈትኩና፣
«ተማሪዋ፣ በሰባት ደቂቃ ውስጥ፣ ወረቀቱ ያልነገራትን...»
እዚህ ላይ ግሡ ጠፋኝ።
ትዘረዝራለች? ያልታወቀ ነገር አይዘረዘርም።
ትለካለች? መጀመሪያ ማን ዞር ብሎ አየና።
በመጨረሻ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ፣ «ታያለች» አልኩ።

ጠዋት ብራውሊዮ ቀይ ብዕሩን አነሣ።
አልሰረዘም። ከጎኑ ብቻ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«በምን ይለካል?»

ከሥሩ «በአውራ ጣት» ብዬ ጽፌያለሁ።
አልላክሁለትም ገና።
ውጪ ነፋስ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ገመዱ ያፏጫል፣
አንዲት ሴት በአንድ እጇ ይዛው፣ በሌላው ቆቧን ደግፋ፣ ታልፋለች።